የባሕር ስሌት ለሐይቅ ሲውል፦ በተንሳፋፊ አካል ላይ የሚያርፈውን የሞገድ ጉልበት አጣርቶ ማስላት

ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጠናል። አብራኝ ያለችው በዕድሜ ከእኔ የምታንስ መሐንዲስ ናት። ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ጫፍ እያት» አለችኝ።

ስክሪኑ ላይ የሞገድ ጉልበት ግራፍ አለ። የተሰላው ለሐይቅ ዳር ለታሰበ ተንሳፋፊ መድረክ ነው። መድረኩ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ 2 ሜትሩ ውኃ ውስጥ ይገባል። መስመሩ ለስለስ ብሎ ሲወርድ ቆይቶ ፔሪየዱ (አንድ ሞገድ አልፎ ቀጣዩ እስኪመጣ ያለው ጊዜ) 2.5 ሰከንድ አካባቢ ሲደርስ እንደ መርፌ ብድግ ይላል። ከዚያ ተመልሶ ይተኛል። «ሬዞናንስ ነው አይደል?» አለች። የሞገዱ ምት ከመድረኩ የራሱ መወዛወዝ ጋር ሲገጥም የሚመጣውን ጭማሪ ማለቷ ነው።

መርፌዋን አውቃታለሁ። ከዓመታት በፊት እኔም አንድ መድረክ ሳሰላ መጥታብኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እውነተኛ መስላኝ የመድረኩን ቅርጽ እስከ መቀየር ደርሻለሁ። የነበረችው ግን ውኃው ውስጥ ሳይሆን ስሌቱ ውስጥ ነበር።

ይህን መመሪያ ያስጻፈኝ ያ ነገር ነው። የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞችም ሆኑ ማስተማሪያዎቻቸው በአብዛኛው የተሠሩት ለባሕር ነው። ምሳሌዎቻቸው 10 ሰከንድ ፔሪየድ ያለው ሞገድ፣ ማለቂያ የሌለው ጥልቀትና ጨዋማ ውኃ ናቸው። የእኛ ውኃ ሐይቅ ነው። ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ውኃው ጨው አልባ፣ ታቹም ቅርብ ነው። ስሌቱ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው አጭሩ ሞገድ ላይ ስለሆነ የባሕሩን ሴቲንግ እንዳለ ገልብጦ መጠቀም ያስጎዳናል።

ለመጀመር ትንሽ ፓይተን ካወቃችሁና 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ካላችሁ ይበቃል። እኔ ካፒቴይን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው የምጠቀመው። የተወለደው ኔሞ ከሚባለው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ኔሞን ናንት፣ ፈረንሳይ የሚገኘው ኤኮል ሳንትራል እ.ኤ.አ. በ2014 በነፃ ለቆታል። ዋሚትን የመሰለ የሚሸጥ ፕሮግራም ያላችሁም ቅደም ተከተሉ አይለወጥባችሁም።

1. መጀመሪያ ሞገዱን እወቁ

ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ሜሽ፣ ማለትም የአካሉን ገጽ በትንንሽ ጠፍጣፋ ቁራጮች (ፓነሎች) ወደ መከፋፈል፣ ይሮጣል። ተረጋጉ። አንድ ወረቀትና ካልኩሌተር ይዛችሁ ሞገዱን ጻፉ።

ጥልቅ ውኃ ላይ የሞገድ ርዝመት በሜትር ማለት 1.56 በፔሪየዱ ስኩዌር ሲባዛ ነው። 10 ሰከንድ ሞገድ 156 ሜትር ይሆናል። 3 ሰከንድ 14 ሜትር፣ 2 ሰከንድ ደግሞ 6 ሜትር ከትንሽ ነው። 10 ሜትር ስፋት ያለው መድረክ ለ156 ሜትሩ ሞገድ እንደ ቡሽ ነው፤ አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይወርዳል። ለ14 ሜትሩ ግን ግድግዳ ነው። ሞገዱ ይመታዋል፣ ይመለሳል፣ ይዞረዋል። ስሌቱን ከባድ የሚያደርገው ይሄ ነው።

ለሐይቃችሁ የሚሆነውን ፔሪየድ ከየት ታመጣላችሁ? ልኬት ካለ ልኬቱን ውሰዱ። ከሌለ ከነፋሱ ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የጆንስዋፕ ቀመር የወጣው ከሰሜን ባሕር ልኬት ነው፤ ነገር ግን ነፋሱ ውኃው ላይ የሚሮጥበትን ርቀት ስለሚያስገባ ለመነሻ ይረዳል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 30 ኪሎ ሜትር ውኃ ላይ ቢሮጥ ወደ 4 ሰከንድ የሚጠጋ ፔሪየድና 0.9 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያለው ሞገድ ያስነሳል። ጣና ርዝመቱ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ 30 የተጋነነ ቁጥር አይደለም። ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ለተሸሸገ መድረክ ግን ርቀቱን አሳጥሩ፤ ሞገዱም አብሮ ያጥራል።

ቀጥሎ ጥልቀት። ውኃው ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ በላይ ከጠለቀ ሞገዱ ታቹን አይነካም። የጣና አማካይ ጥልቀት 8 እና 9 ሜትር መካከል ነው፤ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። 3 ሰከንዱ ሞገድ 7 ሜትር ስለሚበቃው አይነካም። 5 ሰከንዱ ግን ይነካል። በጥልቅ ውኃ ቀመር 39 ሜትር የሚሆነው ሞገድ 8 ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ 35 ሜትር ያጥራል። ፕሮግራሙ ይህን ራሱ ያሰላዋል፤ ጥልቀቱን ግን ልትነግሩት ይገባል። ካልነገራችሁት ካፒቴይን ማለቂያ የሌለው ጥልቀት ብሎ ይነሳል። የሐይቅ ከፍታ በክረምትና በበጋ ስለሚለያይ እኔ ሁልጊዜ በሁለት ጥልቀት አሰላለሁ።

የውኃውንም ክብደት እዩ። ከባሕር ምሳሌ የገለበጣችሁት ፋይል ላይ 1025 (ኪሎ በሜትር ኩብ) የሚል ቁጥር አይጠፋም። ለሐይቅ 1000 አድርጉት። ካልቀየራችሁት እያንዳንዱ ጉልበት ገና ከመነሻው 2.5 በመቶ ያህል ተሳስቷል። የመሬት ስበት 9.81 ቢባልም ባሕር ዳር ላይ በኬክሮሱና በከፍታው ምክንያት ወደ 9.78 ይጠጋል። ልዩነቱ 0.3 በመቶ ስለሆነ ለዲዛይን አያሳስብም። ከታች ለማጣራት በእጅ በምንሠራቸው ስሌቶች ላይ ግን ፕሮግራሙና እናንተ አንድ ቁጥር መያዛችሁን እርግጠኛ ሁኑ።

2. የትኛው ጉልበት እንደሚያይል ለዩ

ተንሳፋፊ አካል ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ይደርሳል። አንደኛው ሞገዱ በአካሉ ተሰብሮ ሲመለስ የሚመጣው ነው፤ ዲፍራክሽን እንለዋለን። ሌላው ውኃው ጠርዝና ቱቦ አልፎ ሲሄድ እየተሽከረከረ የሚጎትተው ነው። መጀመሪያውን ፓነል የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች በደንብ ያሰሉታል። ሁለተኛውን ጭራሽ አያዩትም።

ለመለየት ሁለት ቁጥር ይበቃል። የአካሉ ስፋት ከሞገዱ ርዝመት አንድ አምስተኛ ከበለጠ ዲፍራክሽን አለና ፓነል ያስፈልጋችኋል። 10 ሜትሩ መድረክ ለ14 ሜትር ሞገድ ከዚያ በብዙ ያልፋል። ሁለተኛው የኩሌጋን-ካርፔንተር ቁጥር ነው፤ መጎተቱ ምን ያህል እንደሚያይል ያሳያል። ጥልቅ ውኃ ላይ የሞገዱን ከፍታ ግማሽ በ6.28 አባዝታችሁ በአካሉ ስፋት ታካፍላላችሁ። ለ0.9 ሜትር ሞገድና ለ10 ሜትር መድረክ 0.28 ይመጣል። ትንሽ ነው፤ መጎተቱ የሞገዱን ግፊት ብዙ አይለውጠውም። ከመድረኩ ሥር ያለ 20 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ግን 14 ይመጣበታል። እንዲህ ያለውን ቱቦ ፓነል አትለጥፉበት፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ሞሪሰንና ባልደረቦቹ ያወጡትን እኩልታ ተጠቀሙ። ሁለቱን ቀላቅሎ መሥራት ይቻላል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ትክክሉ እሱ ነው።

3. መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ስጡት

የራሳችሁን መድረክ ከመስጠታችሁ በፊት ፕሮግራሙን በግማሽ ኳስ ፈትኑት። ራዲየሱ 1 ሜትር ይሁን፤ ግማሹ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ።

መጀመሪያ ይዘቱን እዩ። በእጅ 2.094 ሜትር ኩብ ነው። ጠፍጣፋ ፓነሎች ኳሱን ከውስጥ በኩል ስለሚቆርጡት የሜሹ ይዘት ሁልጊዜ ያንሳል። 2.00 ካላችሁ 4 ተኩል በመቶ ውኃ ጠፍቷል ማለት ነው። ያንን ያህል ስሕተት ይዞ ወደ ፊት መሄድ አይገባም። ቀጥሎ ኳሱን 1 ሜትር ወደ ታች ለመጫን የሚያስፈልገውን ጉልበት አስሉ። የውኃው ክብደት፣ ስበቱና የውኃ ወለል ስፋቱ ሲባዙ 30.8 ኪሎ ኒውተን በሜትር ይሰጣል።

ከዚያ አድድ ማሱን እዩ። አድድ ማስ አካሉ ሲንቀሳቀስ አብሮት የሚወዛወዘው ውኃ ነው። ግማሽ ኳሱ ሽቅብና ቁልቁል ሲወዛወዝ፣ ፍሪኩዌንሲው እጅግ ሲበዛ፣ አድድ ማሱ ከተገፋው ውኃ ልክ ግማሹ መሆን አለበት። ፍሪኩዌንሲው ወደ ዜሮ ሲጠጋ የተገፋው ውኃ 0.831 እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ጫፍ ከተገናኙላችሁ መሣሪያችሁ ይሠራል። ካልተገናኙ መድረኩን አትንኩት፤ መጀመሪያ ይህን አስተካክሉ። ብዙ ጊዜ የማገኘው ጥፋት የፓነሎቹ ፊት ወደ ውስጥ መዞሩ ነው። ፓነል ፊቱ ወደ ውኃው መሆን አለበት።

4. ሜሹ፦ በአጭሩ ሞገድ ልክ

ካፒቴይን በአንድ የሞገድ ርዝመት ውስጥ ከ8 ያነሰ ፓነል ሲያይ ያስጠነቅቃል። ጥሩ ልክ ነው። እዚህ ጋ ነው ባሕርና ሐይቅ የሚለያዩት። 6 ሰከንድ ላይ ለሚያቆም የባሕር ስሌት ሞገዱ 56 ሜትር ስለሆነ 7 ሜትር ፓነል ልኩን ያሟላል። እናንተ እስከ 1.5 ሰከንድ ካሰላችሁ ሞገዱ 3.5 ሜትር ነው፤ ፓነሉ 44 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት።

የመድረኩ እርጥብ ገጽ ታቹ 100፣ ጎኖቹ 80፣ በድምሩ 180 ካሬ ሜትር ነው። በ44 ሴንቲ ሜትር ሲከፈል 930 ያህል ፓነል ይወጣዋል። ለላፕቶፕ ምንም አይደለም። ግን ተጠንቀቁ፦ የፓነሉን ጎን በግማሽ ስትቀንሱ የፓነሉ ቁጥር በ4 ይባዛል። የሚይዘው ሜሞሪ በ16 ይባዛል። እኩልታውን ቀጥታ የምትፈቱ ከሆነ የሚወስደው ጊዜ ወደ 64 እጥፍ ይጠጋል። 10,000 ፓነል ላይ አንዱ ማትሪክስ ብቻ 1.6 ጊጋ ይበላል፤ የሚያስፈልገው ደግሞ ሁለት ነው። መድረኩ ግራ ቀኙ፣ ፊትና ኋላው አንድ ከሆነ ሩቡን ብቻ ሠርታችሁ ሲሜትሪ ተጠቀሙ። በጣም ያቀላል።

ፓነሎቹን እኩል አትበትኗቸው። ጉልበቱ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው ጠርዝ ላይና የውኃው መስመር ላይ ነው። እዚያ አጥብቡ፣ መሃል ታቹ ላይ አስፉ።

ሜሹ መብቃቱን በምን ታውቃላችሁ? ሦስት ሜሽ ሥሩ፤ እያንዳንዱ ከቀዳሚው በግማሽ የጠበበ ይሁን። አንዱን ጉልበት እንውሰድ፤ 210፣ 202፣ 200 ቢያመጣ እንበል። የመጀመሪያው ልዩነት 8፣ ሁለተኛው 2 ነው። ልዩነቱ በ4 እየተከፈለ ነው፤ ጎኑ ሲጋመስ ስሕተቱ ሩብ ይሆናል ማለት ነው። ከመጨረሻው ልዩነት ሲሶውን ከ200 ቀንሱ። 199.3 አካባቢ ማለቂያ የሌለው ሜሽ የሚሰጣችሁ መልስ ነው። አሁን ስሕተታችሁን በቁጥር ታውቁታላችሁ። ቁጥሮቹ ከፍ ዝቅ የሚሉ ከሆነ ግን ሜሹ ገና ነው፤ ወይም ቀጥሎ የምናየው ጣጣ አለ።

ይህን ፍተሻ ለአጭሩም ለረጅሙም ሞገድ ሥሩ። በረጅሙ ብቻ አጣርቶ «ሜሹ ይበቃል» ማለት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

አንድ የሰፈር ምክር ልጨምር። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። የእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ውጤት ወዲያው ፋይል ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። ሌሊቱን ሙሉ የሮጠ ስሌት ሊነጋ ሲል መብራት ሲሄድበት ያማል።

5. መርፌዋ

ወደ ካፌው እንመለስ። 2.5 ሰከንድ ላይ ያለችው ጫፍ ምንድን ናት?

ፓነሎቹን የምንለጥፈው የመድረኩ እርጥብ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ሒሳቡ ግን ከገጹ ውጭ ያለውን ውኃና ከገጹ ወዲህ ያለውን ባዶ ሆድ ለይቶ አያውቅም። ሆዱን በሐሳብ ውኃ ይሞላዋል። ያ የሌለ ውኃ ደግሞ ባልዲ ውስጥ እንዳለ ውኃ የሚዋልልበት የራሱ ፍሪኩዌንሲ አለው። ሞገዱ እዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሲደርስ እኩልታው አንድ ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት ያቅተዋል። ያን ጊዜ ጫፍ ይወጣል። ሒሳቡ አዲስ ነገር አይደለም፤ ፍሪትስ ጆን እ.ኤ.አ. በ1950 አሳይቶታል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ለሳጥን ቅርጽ ቦታዋን በእጅ ማስላት ትችላላችሁ። ካፌው ውስጥ ናፕኪን ላይ ነው የሠራነው። 1 ለርዝመቱ ስኩዌር ይካፈል፤ 1 ለስፋቱ ስኩዌር ይካፈል። ሁለቱን ደምሩ፣ ስኩዌር ሩት አውጡ፣ በፓይ አባዙ። ለ10 በ10 መድረክ 0.444 ይመጣል። ይህን በ2 ሜትሩ አባዝታችሁ ሃይፐርቦሊክ ታንጀንቱን ውሰዱ፤ 0.711 ነው። አሁን 9.81ን በ0.444 አባዝታችሁ ለ0.711 አካፍሉ። 6.13 ይሆናል። ስኩዌር ሩቱ 2.48 ራዲያን በሰከንድ ነው። ወደ ፔሪየድ ሲመለስ 2.54 ሰከንድ።

ልጅቷ ናፕኪኑን አየች። ስክሪኑን አየች። ጫፏ 2.54 ላይ ናት።

ሌላም ማስረጃ አለ። 2.54 ሰከንድ ሞገድ ርዝመቱ 10 ሜትር ነው፤ ከመድረኩ ጋር እኩል። ፊት ለፊት ሲመጣ አንድ ሙሉ ሞገድ ከመድረኩ ሥር ይገጥማል። ግማሹ ታቹን ወደ ላይ ሲገፋ ግማሹ ወደ ታች ይስባል። ስለዚህ ያልተሰበረው ሞገድ ብቻውን ሽቅብ የሚገፋው ጉልበት፣ ፍሩድ-ክሪሎቭ የምንለው፣ እዚያ ላይ ዜሮ ነው። ጉልበቱ ዝቅ ማለት በሚገባው ቦታ ላይ ነው ግራፉ ብድግ ያለው። በባሕር ስሌት 6 ሰከንድ ላይ ቢቆም ኖሮ ይቺ ጫፍ ጭራሽ አትታይም ነበር።

ቅርጹ ሳጥን ካልሆነና በእጅ ማስላት ካልቻላችሁ ሜሹን አጥብባችሁ እንደገና አስሉ። እውነተኛ ሬዞናንስ ስፋቱን ይዞ ይቆያል። ሐሰተኛው ጫፍ ቦታውን ሳይለቅ እየቀጠነ ይሄዳል።

መፍትሔው ክዳን ነው። የመድረኩን ሆድ በውኃው መስመር ልክ በፓነል ትሸፍኑታላችሁ። የሐሳቡ ውኃ ወለል ስለታፈነ መዋለል አይችልም። ካፒቴይን ክዳኑን ራሱ ሊሠራላችሁ ይችላል፤ ለብቻ ሠርታችሁም ልትሰጡት ትችላላችሁ። የክዳኑ ፓነሎች ከጎኑ ፓነሎች እንዳይሰፉ ብቻ ተጠንቀቁ። ክዳን ከጨመራችሁ በኋላ ረጃጅሞቹ ሞገዶች ላይ ውጤቱ መቀየር የለበትም። ከተቀየረ ክዳኑ ላይ ችግር አለ።

ጫፏን በኢሬዘር አጥፍቶ በጎንና ጎን ያሉትን ነጥቦች ማገናኘት ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጥፋቱ በጫፏ ዙሪያ ያሉትንም ቁጥሮች ስለሚነካ የትኛው ነጥብ ንጹሕ እንደሆነ አታውቁም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መድረኩ መሃል ላይ እውነተኛ ቀዳዳ ካለው፣ ወይም ሁለት መድረኮች ተጠጋግተው ከቆሙ፣ በመሃላቸው ያለው ውኃ በእውነት ይዋልላል። እሱ ላይ የሐሰተኛውን ጫፍ ክዳን አትክደኑበት። እዚያ ጫፉ እውነት ነው፤ ቁመቱ ግን የተጋነነ ነው። ፓነሉ ውኃው ጠርዝ ላይ ሲሽከረከር የሚያጠፋውን ጉልበት አያውቅምና። ለዚያ ቦታ ከልኬት የተገኘ ዳምፒንግ (መወዛወዙን የሚያበርድ ነገር) መጨመር ያስፈልጋል።

6. ውጤቱ ራሱን ይመስክር

ግራፉ ለስላሳ ሆነ ማለት ትክክል ሆነ ማለት አይደለም። ሳይከፈልባቸው የሚገኙ ፍተሻዎች አሉ፤ ሁሉንም ሥሩ።

በጣም ረጅም ሞገድ ስጡት፤ 30 ሰከንድ በጥልቅ ውኃ። በ1 ሜትር አምፕሊቲዩድ ሽቅብ የሚገፋው ጉልበት ወደ 981 ኪሎ ኒውተን መጠጋት አለበት። መድረኩን 1 ሜትር ለመጫን የሚያስፈልገው ጉልበት ማለት ነው፤ 1000 በ9.81 በ100 ካሬ ሜትር።

የአድድ ማስና የዳምፒንግ ማትሪክሶቹ በዲያጎናሉ ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለባቸው። በዲያጎናሉ ላይ ያለ ዳምፒንግ ኔጌቲቭ ከሆነ ውኃው ከምንም ተነስቶ ለመድረኩ ጉልበት ይሰጠዋል ማለት ነው። አይሆንም።

ከሁሉም የምወደው የሃስኪንድ ግንኙነት ነው። ሞገድ መድረኩን የሚገፋበት ጉልበት፣ መድረኩ ራሱ ቢወዛወዝ ከሚልከው ሞገድ ጋር የተሳሰረ ነው። ጉልበቱን በሁለት መንገድ አስሉት፦ አንዴ ግፊቱን ገጹ ላይ በመደመር፣ አንዴ በሃስኪንድ። ሁለቱ ከ1 በመቶ በላይ ከተራራቁ እኔ ወደ ሜሹ እመለሳለሁ።

መድረኩን ቀስ እያለ የሚገፋውን የድሪፍት ጉልበት የምትፈልጉ ከሆነም በሁለት መንገድ አስሉ፤ ከገጹ ግፊትና ከሩቁ ሞገድ። የገጹ ዘዴ ሹል ጠርዝ ላይ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚጠራው። ይህ ጉልበት በሞገዱ ከፍታ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ሞገዱ እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ነው። ለማሰሪያ ገመድ ወሳኙ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

7. ወደ ጊዜ ስትሄዱ

ገመድ፣ ሰንሰለት ወይም መግጫ ካለ በፍሪኩዌንሲ ብቻ አይበቃም። ከመስመር የወጣ ነገር ሁሉ በጊዜ መሰላት አለበት። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1962 ከወጣው የከሚንስ እኩልታ ይነሳል። ውኃው ያለፈውን እንቅስቃሴ ያስታውሳል፤ ትናንሽ ሞገዶች ገና ከአካሉ አልራቁምና። ይህ ትውስታ የሚገኘው ከዳምፒንጉ ግራፍ ነው። ስለዚህ ግራፉ ወደ ዜሮ ሳይወርድ በአጭሩ ሞገድ በኩል ከተቆረጠ ትውስታው ላይ የሌለ መንቀጥቀጥ ይታያል። ሐሰተኛ ጫፍ ካለበት ደግሞ ጫፉ ማለቂያ የሌለው ጅራት ሆኖ ይመጣል። ክዳኑን ሳትሠሩ ወደዚህ ደረጃ አትምጡ።

ሞገዱ ትልቅና ቀጥ ያለ ሲሆን ብዙ ሳትለፉ የምታሻሽሉት አንድ ነገር አለ። የፍሩድ-ክሪሎቩንና የመንሳፈፉን ጉልበት በዚያች ቅጽበት በረጠበው ገጽ ላይ አስሉት፤ ዲፍራክሽኑን እንደነበረ ተዉት። ሞገዱ መድረኩ ላይ ወጥቶ ካልፈሰሰ ወይም ካልተሰበረ ውኃውን ራሱን በትንንሽ ሴል ከፋፍሎ ወደሚያሰላው ኦፕንፎም አትቸኩሉ። እሱ በአንድ የሞገድ ርዝመት 100 ያህል፣ በከፍታው 10 እስከ 20 ሴል ይፈልጋል። የአንድ ሞገድ ስሌት ቀናት ሊወስድባችሁ ይችላል።

8. ላፕቶፑን ዝጉና ውኃ ንኩ

የመድረኩን መንከባለል ፓነል ብቻውን በትክክል አይሰጣችሁም። ፓነል የሚያየው በሞገድ መልክ የሚሸሸውን ጉልበት ብቻ ነው። ጠርዙ ላይ የሚሽከረከረውን ውኃ አያይም። ስለዚህ የተሰላው መንከባለል በራሱ ፔሪየድ ላይ ይጋነናል። ይህን የሚያስተካክል ቁጥር የሚገኘው ከልኬት ነው፤ ልኬቱን ደግሞ አዲስ አበባ መሃል ላይ መሥራት ይቻላል።

እኛ መድረኩን በ50 አሳነስነው። 20 ሴንቲ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር ሳጥን፣ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሰጥም። አናጺው «ይቺ ደግሞ ለምን ትሆናለች?» ሲሉኝ «ጋሼ፣ ውኃ ላይ ላንሳፍፋት ነው» አልኳቸው። ጠርዟ ሹል እንዲሆን ነገርኳቸው፤ የእውነተኛው መድረክ ጠርዝ ሹል ነውና። ሳጥኗ ከነአሸዋዋ 1.6 ኪሎ መመዘን አለባት። በኩሽና ሚዛን መዝኗት፣ 1.6 ኪሎ እስክትሞላ አሸዋ ጨምሩ። አሸዋው እንዳይንሸራተት በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ እሰሩት። የክብደቷ መሃል ከእውነተኛው መድረክ ጋር በልኩ ይመሳሰል፤ ለመንከባለል የአሸዋው አቀማመጥ ከክብደቱ እኩል ወሳኝ ነው።

በርሜል አይሆንም። ሳጥኗ የምትልከው ሞገድ ግድግዳ መትቶ ወዲያው ይመለስባታል። እኛ የተጠቀምነው አምስት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ፣ ሁለት ሜትር ከምናምን ስፋት ያለው የሲሚንቶ ገንዳ ነው። ጊዜ በ50 ስኩዌር ሩት ይቀንሳል። እውነተኛው መድረክ በ4 ሰከንድ ቢወዛወዝ ሳጥኗ በ0.57 ሰከንድ ትወዛወዛለች። የምትልከው ሞገድ ግማሽ ሜትር ርዝመት ይኖረዋል። ግድግዳው 1 ሜትር ከራቀ ዋናው ሞገድ ሄዶ እስኪመለስ 4 ሰከንድ ተኩል ያህል ይወስዳል። ሰባት ስምንት ዙር አላችሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አትቁጠሩ።

ሳጥኗን በአንድ ጎን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቋት። በስልክ ስሎው ሞሽን ቅረጹ። በሰከንድ 240 ፍሬም ለሚቀርጽ ስልክ አንድ ዙር 136 ፍሬም ነው፤ ከበቂ በላይ። ሳጥኗ ላይ ቀጭን ቀጥ ያለ እንጨት ማቆም ጫፉን ለማየት ይረዳል፤ ከጀርባ ካሬ ወረቀት ለጥፉ። ነፋስ ካለ ተዉት፣ ጠዋት ተመለሱ። ሽቅብና ቁልቁሉንም ሞክሩ፤ እንዲህ ላለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሳጥን ግን ጥቂት ዙር አድርጎ ይቆማል። ጉልበቱን ሞገዱ ቶሎ ይዞበት ይሄዳል።

አሁን ጫፎቹን አንብቡ። አንዱ ጫፍ 10 ዲግሪ፣ የሚቀጥለው በዚያው በኩል ያለው ጫፍ 8 ዲግሪ ቢሆን፣ 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ነው። የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ 0.223። ለ6.28 ሲካፈል 0.036 ይሰጣል። መድረኩን ጨርሶ ከመወዛወዝ ከሚያግደው ዳምፒንግ 3.6 በመቶ ያህል ማለት ነው። ይህን ለእያንዳንዱ ጥንድ ጫፍ ሥሩ። በትልልቆቹ መወዛወዞች ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ፣ ትንንሾቹ ላይ ዝቅ ካለ፣ የጠርዙን መሽከርከር እያያችሁት ነው። እሱ በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል። ሹል ጠርዝ ላይ ውኃው የሚላቀቅበት ቦታ ስለሚታወቅ ከትንሹ ሳጥን ወደ ትልቁ መድረክ መውሰድ ያን ያህል አያሳስብም። ለክብ ቅርጽ ግን በዚህ መንገድ አልተማመንም።

የመጨረሻው ሥራ መቀነስ ነው። ካፒቴይን በዚያው ፔሪየድ ላይ የሰጣችሁን ዳምፒንግ ከለካችሁት ላይ ቀንሱ። የቀረው ፓነል የማያየው ነው። እሱን ብቻ እኩልታው ውስጥ ጨምሩ። የለካችሁትን በሙሉ ከጨመራችሁት ሞገዱ የሚወስደውን ጉልበት ሁለቴ ቆጠራችሁት። ልጅቷ ይህን ቀንሳ ስሌቱን እንደገና ስታስሮጥ ማታ ሆኖ ነበር። ግቢው ውስጥ ሳጥኗ ገንዳው ላይ እንደተንሳፈፈች ናት፤ ጥግ ላይ ተጠግታ።